የእህል ዘር አማና



ባለፈው ረመዳን ሳን ሆዜ ውስጥ ከኢፍጣር በኋላ ትሪ እያነሳን ሳለ አንዲት ልጅ ጠየቀችኝ። እዚሁ አገር ተወልዳ ያደገች፣ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰብል የምትማር ልጅ ናት። የተረፈውን ሩዝ በላስቲክ እየቋጠረች፣ "አንክል፣ ኦርጋኒኩን ሩዝ መግዛት እየቻልን ርካሹን ብንገዛ አላህ ዘንድ እንጠየቅበታለን?" አለችኝ። ለእኔ ቀላል ጥያቄ መሆን ነበረበት፤ ፎገራ ውስጥ በሩዝ ማሳ ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ። ግን አፌ ተያዘ። "ኢንሻአላህ ሌላ ቀን እናወራለን" ብዬ ትሪውን ይዤ ወደ ማዕድ ቤት ገባሁ።

የሸሸሁት መልሱ ስለጠፋኝ ብቻ አልነበረም። ስለ ሩዝና ስለ መጠየቅ አብሮ ሲነሳ በአክስቴ ላይ የሠራሁት አንድ ጥፋት ትዝ ይለኛል። ይህን የምጽፈው ያን ዕለት ያመለጥኩትን መልስ ለእሷም ለጓደኞቿም ለመስጠት ነው፤ ግን ከአክስቴ መጀመር አለብኝ። (አንድ ነገር ላስቀድም፦ "ዘር" የሚለው ቃል በአገራችን ሰው ከሰው የሚጣላበት ቃል ሆኗል። እኔ እዚህ የማወራው ማድጋ ስለሚገባውና መሬት ላይ ስለሚወድቀው ዘር ነው።)

ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ይወጡና ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። አባቴ ልጅ በነበሩበት ዘመን ያ ውኃ በረከት አልነበረም። ሰው በሜዳው ከብት ያግድበታል፤ ውኃው ሲሸሽ በተረፈው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ክረምቱን ግን ውኃ የተኛበት መሬት ጾሙን ያድራል። የዱር ሩዝ በሜዳው ላይ ከድሮም ይበቅል ነበር፤ ሰዉ ግን እንደ ሣር ነበር የሚያየው። የሚዘራው ሩዝ የገባው በደርግ ዘመን ነው። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በፎገራና በደራ ወረዳዎች፣ በሻጋና በጅግና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አስጀመሩት። ውኃው ከዚያ ወዲህ ሌላ ትርጉም አገኘ። ዛሬ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው እዚያው ወረታ ነው። የአካባቢው ሰው ሩዙን ከጤፍ ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግርበታል፤ ገለባውን ለከብቱ ይሰጣል። ስሙን ከጅግና የወሰደው "ኤክስ-ጅግና" የሚባለው ዝርያም ለብዙ ዓመታት ሜዳውን ሞልቶት ኖሯል።

ይህ ዝርያ የተወደደበት ምክንያት አለው። ሩዝ በባሕርይው የቆላ ሰብል ነው፤ ፎገራ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሩዝ ሊያዘረዝር ሲል ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ዛላው ደህና መስሎ ይወጣና ውስጡ ባዶ ይሆናል። ኤክስ-ጅግና ያንን ብርድ ይችለዋል። ይህን አክስቴ በመጽሐፍ አልተማሩትም፤ እጃቸው ግን ያውቀዋል።

አክስቴ ከጉማራ ብዙ የማይርቅ፣ ዝቅ ያለና ውኃ የሚተኛበት፣ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ መሬት አላቸው። መከር ሲገባ ከሁሉ አስቀድመው የሚያደርጉት ዘር መለየት ነው። ዛላው የሞላውን፣ ባዕድ ያልተቀላቀለበትን በእጃቸው እየመረጡ ለብቻው ያስቀምጣሉ። ልጆች ሳለን የዘሩን ማድጋ መንካት አይፈቀድልንም ነበር። በቤቱ ውስጥ እህል አልቆ እንኳ ያ ማድጋ ይቆያል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አዳዲስ የሩዝ ዝርያዎች ሳነብ ከረምኩና ደወልኩላቸው። ቶሎ ይደርሳል፣ የዝናብ እጥረት ይቋቋማል ስለሚባል ዝርያ ነገርኳቸው። "አክስቴ፣ ያን አሮጌ ዘር አሁን ይተዉት። ብር እልክልዎታለሁ፤ አዲሱን ይግዙ።" እሳቸው አልተቃወሙም። "እስቲ ግማሹን መሬት ልሞክረው" አሉ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። "ግማሽ ግማሹን ምን ያደርጋል? አሮጌውን እንዲያውም ይሽጡት፤ ዘንድሮ ዋጋ አለው" አልኳቸው። ብሩ የእኔ ነበር። ብር የላከ ሰው ቃል ደግሞ ይከብዳል፤ እዚህ አገር ያደጋችሁ ልጆች ይህን ላታውቁት ትችላላችሁ፣ ወላጆቻችሁ ግን ያውቁታል።

አዲሱን ዘር ከገበያ ገዙ። ስሙን አልጠራውም፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለምና። ውኃ ለማይተኛበት፣ ከፍ ላለ መሬት የተዘጋጀ ዝርያ ነበር። እኔ "ድርቅ ይቋቋማል" የሚለውን አንብቤ "የት መሬት ላይ?" ብዬ አልጠየቅሁም። በዚያ ክረምት ጉማራ ሞልቶ ወጣና ውኃው ማሳቸው ላይ ከአሥር ቀን በላይ ሰነበተ። ሲሸሽ ቡቃያው በስብሶ ነበር። ማድጋውም ባዶ ነበር።

በእኛ ቋንቋ "ዘሩን በላ" የሚባለው የመጨረሻው ችግር ላይ የደረሰ ሰው ነው። እኔ ሳልራብ፣ ሳን ሆዜ ተቀምጬ፣ የአክስቴን ዘር በላሁት።

በሚቀጥለው ዓመት አንዲት ክርስቲያን ጎረቤታቸው በጆንያ ዘር አሸክመው መጡ። ያው የድሮው ሩዝ ነበር። ከዓመታት በፊት ሴትዮዋ ራሳቸው ተቸግረው ሳለ ከአክስቴ ማድጋ የወሰዱት ዘር ልጅ ነው። አክስቴ ዋጋውን ሲጠይቁ "የራስሽ እኮ ነው፤ እኔ ጋ ሰነበተ እንጂ" አሏቸው። ይህን በስልክ ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር። እኔ አልሳቅሁም።

እንግዲህ የልጅቷ ጥያቄ ሲመጣብኝ ከኋላው ይህ ሁሉ ነበር።

ስለ "ኦርጋኒክ" የምንነጋገር ከሆነ መጀመሪያ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ እንተዋወቅ። በዚህ አገር ቃሉ የሕግ ቃል ነው፤ ደንቡ በሥራ ላይ የዋለው በ2002 ነው። ገበሬው ፋብሪካ የሠራውን ማዳበሪያና አብዛኛውን የኬሚካል ፀረ-አረምና ፀረ-ተባይ አይጠቀምም፤ በላቦራቶሪ ዘረ-መሉ የተለወጠ ዘርም አይዘራም። ዘሩ ራሱ ኦርጋኒክ መሆን አለበት ይላል ደንቡ፤ ግን የሚፈለገው ዓይነት በገበያ ካልተገኘ ሌላውን መዝራት ይፈቀዳል። ይህ ፈቃድ የትልቁን ችግር ጫፍ ያሳያል። ያለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት የሩዝ ዘር አብዛኛው የተዘጋጀው ማዳበሪያና ፀረ-አረም አብሮት እንደሚመጣ ታስቦ ነው። በ1966 ፊሊፒንስ ካለው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም የወጣው አይአር 8 ለዚህ ዋናው ምሳሌ ነው። አገዳው አጭር ስለሆነ ብዙ ማዳበሪያ ሲጨመርለት አይወድቅም፤ ምርቱ በዕጥፍ ይጨምራል። የእስያን ራብ ካስታገሱት ነገሮች አንዱ ነው፤ ሆዱ የሞላ ሰው ሊያጣጥለው አይገባም። ማዳበሪያውን የማይገዛ ገበሬ ማሳ ላይ ግን የሚፈለገው ሌላ ባሕርይ ነው፦ አረሙን ቀድሞ የሚሸፍን፣ ሥሩ ወርዶ ያለውን ምግብ የሚለቅም ዘር።

ከእኛ ወደ ሰሜን፣ ሪችቬል ላይ ያሉት የሉንድበርግ ቤተሰብ ይህን ከ1969 ጀምሮ ያውቁታል። አባትና እናታቸው በ1937 የነብራስካን አቧራ ሸሽተው የመጡ ናቸው። በኦርጋኒክ ማሳቸው አረሙን የሚገድሉት በውኃ ነው፤ ማሳውን በጥልቅ ውኃ ሞልተው የምድሩን አረም ያፍኑታል፣ ከዚያ አድርቀው የውኃውን አረም ያከስሙታል። ቡቃያው ይህን ሁሉ ችሎ መውጣት አለበት። ደካማ ዘር እዚያ ዕድል የለውም። በነገራችን ላይ በዚያው በ1969 እዚህ ኦክላንድ፣ ሴይንት ኦገስቲን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብላክ ፓንተሮች ለልጆች ነጻ ቁርስ ማብላት ጀመሩ። ሁለቱን ዜናዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የልጅቷ ጥያቄ ይቀየርብኛል። ኦክላንድ ውስጥ ሁለት ሥራ እየሠራች አምስት ልጅ የምታሳድግ እናት ርካሹን ሩዝ ስለገዛች ትጠየቃለች የሚል ሰው፣ በኔ ግምት፣ ጥያቄውን የተሳሳተ በር ላይ አንኳኩቷል።

በበጋው ከልጅቷና ከአባቷ ጋር ዴቪስን ለማየት ሄድን። ካፒቶል ኮሪደር የሚባለው ባቡር ከሳን ሆዜ ተነስቶ በኦክላንድ አድርጎ ዴቪስ ይደርሳል። ከዚያም አልፈን ወደ ሳክራሜንቶ ስንሄድ ባቡሩ የዮሎን ሜዳ አቋረጠ። ይህ መሬት ወንዙ ሲሞላ ጎርፉን እንዲቀበል ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ በበጋ ሩዝ ይዘራበታል። በመስኮቱ ሳየው ፎገራ መሰለኝ። ብርዱ እንኳ ይመሳሰላል፦ ማታ ማታ ከፓስፊክ በኩል በደልታው የሚገባው ቀዝቃዛ ነፋስ የካሊፎርኒያንም ሩዝ ባዶ ዛላ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ገበሬዎቹ ሰብሉ ሊያዘረዝር ሲል ውኃውን ከፍ አድርገው ዛላውን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍኑታል። ልዩነቱ እነሱ ውኃውን በፈለጉት ጊዜ መጨመርና መቀነስ መቻላቸው ነው። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም። በ2022 ድርቅ በሸለቆው የተዘራው ሩዝ ከወትሮው ወደ ግማሽ ገደማ ወርዶ ነበር።

ባቡሩ ላይ ልጅቷ ለእኔ አዲስ የሆነ ታሪክ አጫወተችኝ። ሕንድ ውስጥ ኦዲሻ በሚባል ክፍለ ሀገር ገበሬዎች ጎርፍ የሚችል ሩዝ ነበራቸው። ተራ ሩዝ ውኃ ሲውጠው አየር ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ ያለ የሌለ ጉልበቱን ይጨርስና ይሞታል። የኦዲሻው ሩዝ ግን ዕድገቱን ያቆማል፣ ስንቁን ይቆጥባል፣ ውኃው እስኪሸሽ ይጠብቃል። "ሰብር ያለው ሩዝ" አለች እየሳቀች። ሩዙ ምርቱ አነስተኛ ስለነበር ብዙም አልተስፋፋም። ከዴቪስ ፓሜላ ሮናልድ፣ ከሩዝ ተቋሙ ዴቪድ ማኪል ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ባሕርይ የሚሰጠውን ዘረ-መል ለይተው በ2006 አሳተሙ። ከዚያ በተለመደው የማዳቀል መንገድ፣ ዘረ-መሉን ምልክት አድርጎ በመከታተል፣ ገበሬው ወደሚወደው ዝርያ አስገቡት። ሁለት ሳምንት ያህል በውኃ ተውጦ ይተርፋል። ሩዝ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ስለሆነ ገበሬው ከመከረው ላይ ለይቶ መልሶ ሊዘራው ይችላል። የሮናልድ ባለቤት ራውል አዳምቻክ የኦርጋኒክ እርሻ ሰው ናቸው፤ ሁለቱ በ2008 ኦርጋኒክና የዘረ-መል ሳይንስ ጠላቶች አይደሉም የሚል መጽሐፍ አብረው ጽፈዋል።

አሥር ቀን ውኃ የተኛበት የአክስቴ ማሳ ፊቴ ላይ መጣ። ዝም አልኩ።

እኔም በተራዬ እሷ ያልሰማችውን ነገርኳት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የካሊፎርኒያን ገብስ የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ነበር። መድኃኒቱ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። የዴቪስ ተመራማሪዎች ባሕርይውን ከእኛ ገበሬዎች ገብስ ወስደው በካሊፎርኒያ ዝርያዎች ውስጥ አስገቡት። የተመራማሪዎቹ ስም በጽሑፍ አለ። ያንን ገብስ ትውልድ ከትውልድ እየለየች በማድጋ ያቆየችው ሴት ስም የለም።

እዚህ ላይ ከወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ዘርን መነካካት የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይሆንም ወይ? እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ ሸይኾቻችንን ጠይቁ። አንድ የታወቀ ሐዲስ ግን ላስታውሳችሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የመዲና ሰዎች የተምር ዛፍ ሲያዳቅሉ አይተው የሚጠቅም እንደማይመስላቸው ተናገሩ፤ ሰዎቹ ተዉት፤ ምርቱ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ በዚህ ዓይነቱ የዱንያ ሥራችሁ እናንተ የበለጠ ታውቃላችሁ የሚል ይዘት ያለው ቃል ተናገሩ። ከዚህ የምረዳው ሁለት ነገር ነው። ማዳቀሉ አልተከለከለም። ደግሞም ስለ ዛፉ የዛፉ ሠራተኞች እውቀት ተከብሯል። ወላሁ አዕለም።

"ንጹሕ ዘር" የሚባለውም እንደምናስበው አይደለም። በ1976 ከካሊፎርኒያ የወጣው ካልሮዝ 76 የተገኘው ዘሩ ላይ ጋማ ጨረር ተለቆበት ነው። ዛሬ እዚህ የሚዘሩት ብዙዎቹ አጫጭር ሩዞች ቁመታቸውን የወረሱት ከእሱ ነው፤ የኦርጋኒክ ደንቡም በዚህ ላይ ክልከላ የለውም። ስለዚህ ዘሩን ሰው ነካው አልነካው ብለን ብንከራከር ሩቅ አንሄድም። ሰው ያልነካው የሚዘራ ዘር የለም። ለእኔ ጥያቄው ሌላ ነው፤ የተነካው ዘር ከተነካ በኋላ ማን እጅ ላይ ይቀራል?

ይህ የሐሳብ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በ1997 አንድ የቴክሳስ ኩባንያ በባስማቲ ሩዝ ላይ ፓተንት አገኘ፤ ሕንድ ተከራክራ አብዛኛው የይገባኛል ጥያቄ ወደቀ። ጤፋችንንም ታውቃላችሁ። በ2005 አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጥቅም ለመጋራት ከኢትዮጵያ ጋር ተፈራረመ፤ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ወሰደ፤ በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ። የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ የሻረው በ2018 ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ ሁሉ ያገኘችው ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። እናቶቻችን ጤፍ ሲያቦኩ ሄግ ውስጥ ክርክር እንዳለ የነገራቸው የለም።

አማና የሚለውን ቃል የማመጣው እዚህ ላይ ነው። አማና የተቀበለ ሰው ዕቃውን አይነካም ማለት አይደለም፤ የሰው በግ አደራ የተሰጠው ያበላዋል፣ ያሳክመዋል። ባለቤቱ ሲመጣ ግን ይመልሳል። ዶክተር መላኩ ወረደ የሠሩት ይህንኑ ይመስለኛል። በ1976 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ የዘረ-መል ባንክ ለዓመታት መርተዋል። በ1980ዎቹ ድርቅ ገበሬው ዘሩን ለመብላት ሲገደድ፣ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ሊጠፋ የነበረውን ዘር ሰበሰቡ። ብዙ የዘር ባንኮች ዘሩን አቀዝቅዘው ይቆልፉበታል። እሳቸው ግን ወደ ገበሬው ማሳ መለሱት፤ ገበሬው እየመረጠ እንዲያሻሽለው አብረው ሠሩ። በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። ቁልፉን ለገበሬው መስጠት ለአንድ ሳይንቲስት ቀላል ውሳኔ አይመስለኝም።

አንድ ሌላ ታሪክ ልጨምር፤ ከጉዳዩ ትንሽ ወጣ ብል እንኳ ይቅር በሉኝ። ሩዝ የምንለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ሙስሊሞች እህሉን ወደ አንደሉስ ሲያደርሱት ስሙም አብሮ ሄዶ የስፔኖች "አሮስ" ሆነ። ወደ አሜሪካ ደቡብ ሲመጣ ግን አመጣጡ በሰንሰለት ነበር። ከ3,000 ዓመት ያህል በፊት በኒጀር ወንዝ አካባቢ ሩዝ ያላመዱ ሕዝቦች ልጆች በባርነት ተይዘው እውቀታቸውን ይዘው መጡ። በጆርጂያ ጠረፍ ባለችው በሳፔሎ ደሴት ቢላሊ ሙሐመድ የሚባል ሙስሊም ነበር፤ ከቤተሰቡ ጋር በባርነት ኖሯል። በ1930ዎቹ ከዘሮቹ አንዷ ስትጠየቅ፣ አያቷ ሩዝ አርሳ፣ ወቅጣ፣ ጠፍጣፋ ቂጣ አድርጋ ለልጆች ታድል እንደነበር ተናገረች። የቂጣውን ስም "ሰረካ" አለችው። ሰደቃ ማለት ነው። ቋንቋው ጠፍቶ፣ ሶላቱ ተቋርጦ፣ ሩዙና ሰደቃው አብረው ቆዩ። ኦክላንድ ውስጥ ከአፍሪካ አሜሪካውያን ወንድሞቻችን ጋር ስንሰግድ ይህን አስባለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ከዴቪስ ስንመለስ ልጅቷ ሐሳብ አመጣች። "አንክል፣ እኛ ወጣቶች ብር እናዋጣ። ለፎገራ ኦርጋኒክ የሆነ፣ የአየር ለውጡን የሚችል ዘር እንላክ። ሰደቃ ጃሪያ ይሆነናል።" አባቷ ደስ አለው። ሙስሊም የዘራውን ወፍም ሰውም እንስሳም ቢበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት የተነገረን ሰዎች ነንና እኔም ደስ ሊለኝ ይገባል። ግን ወዲያው ያ የስልክ ጥሪ ትዝ አለኝ። ያኔ የእኔም ኒያ ጥሩ ነበር።

ለሰጪ ሰው ትልቁ ፈተና ይህ ይመስለኛል። ገንዘብ ስትሰጥ ተቀባዩ ያሻውን ያደርግበታል። ዘር ስትሰጥ ግን የሚቀጥለውን ዓመት አብረህ ትወስናለህ፤ ካልጠነቀቅህ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ሁሉ። የአክስቴ ጎረቤት የሰጡት ዘር አክስቴን ለመጪው ዓመት ባለ ዘር አደረጋቸው። እኔ የሰጠሁት ብር ዘር አልባ አደረጋቸው። ሁለቱም ስጦታ ናቸው፤ የእኔው በገንዘብ ይበልጣል።

የልጅቷ አባት መሐንዲስ ነው፤ ጥሩ መከራከሪያ አመጣብኝ። "ዘሩ የሁሉም ይሁን ካልክ ተመራማሪው ምን ይብላ? አሥር ዓመት የለፋበትን በነጻ ይበትነው?" ቀላል ጥያቄ አይደለም። ቢግስ ላይ ያለው የካሊፎርኒያ የሩዝ ምርምር ጣቢያ ከ1912 ጀምሮ አለ፤ ባለቤቶቹ ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ ከሚሸጡት ሩዝ እየከፈሉ ያካሂዱታል። ተመራማሪው ደመወዙን ያገኛል፤ ምን ይመርመር የሚለውን ደግሞ የሚወስነው የሚዘራው ሰው ነው። እነሱም ቢሆኑ ዝርያቸውን በሕግ ያስጠብቃሉ፤ መላእክት ናቸው አላልኩም። የፎገራ ገበሬ ያን ያህል የሚከፍልበት አቅም ስለሌለው በእሱ ቦታ መንግሥት መክፈል አለበት፤ ወረታ ያለው ማዕከልም የተቋቋመው ለዚሁ ነው። እድገት፣ ሻጋ የሚባሉ ዝርያዎች ወጥተዋል። የግል ኩባንያም ድርሻ ይኖረዋል። ግን ገበሬው ከመከረው ላይ መልሶ እንዳይዘራ የሚከለክል ውል ያለበትን ዘር በሰደቃ ስም መላክ ለእኔ አይዋጥልኝም። የተቀባዩን እጅ አስሮ ሰደቃ የለም።

አባቷ ሙሉ በሙሉ አልተስማማም። አሁንም እንከራከራለን፤ ጁሙዓ ከሰገድን በኋላ ፓርኪንግ ላይ ያያችሁን ይህንኑ ነው የምንነጋገረው።

የዋጋውን ጥያቄ ለልጅቷ እንዲህ መለስኩላት። አቅም ካለሽ ኦርጋኒኩን ግዢ፤ የማሳ ሠራተኛው የሚተነፍሰው አየርና ውኃው ይሻላሉ። በሳክራሜንቶ ሸለቆ በክረምት ውኃ የሚሞላው የሩዝ ማሳ ከሰሜን ለሚመጡት ዳክዬና ዝይ ማረፊያ ነው፤ እሱም ቀላል ነገር አይደለም። ግን ከረጢቱ ላይ ባለው ማኅተም ሕሊናሽን ዘግተሽ አትተኚ። ደግሞ ያን የረመዳን ዕለት በላስቲክ ቋጥረሽው የነበረው ሩዝ የት ሄደ? ብዬ ጠየቅኋት። አንገቷን ደፋች። እኔም የት እንደሄደ አውቃለሁ፤ የቆሻሻውን ገንዳ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ስለ መዋጮው ለአክስቴ ደወልኩ። ክልሉ ውስጥ ውጊያው ከተነሳ ወዲህ መስመሩ እንደ ልብ አይገኝም፤ በአራተኛው ቀን አገኘኋቸው። ልጆቹ ምን እንዳሰቡ ነገርኳቸው። በዚህ ጊዜ ይግዙም አይግዙም አላልኩም፤ "አንቱ ምን ይላሉ?" ብቻ አልኩ። ብዙ መረቁን። ከዚያ ዝም አሉና፣ "እስቲ ሦስት ነገር ጠይቅልኝ" አሉ። "ውኃ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል? የመስከረምንና የጥቅምትን ብርድ ይችላል? ከመከርኩት ላይ ለይቼ ብዘራው ልጁ እናቱን ይመስላል?"

"ሌላስ?" አልኳቸው።

"ሌላማ፣ ቢመጣም የምዘራው ከመሬቱ ጥግ ላይ ነው። ማድጋዬን አልሸጥም።"

ሦስቱንም ጥያቄዎች ጽፌ ዴቪስ ላክሁ። ልጅቷ ለመጀመሪያውና ለሦስተኛው መልስ ሰጥታኛለች። የብርዱን ገና እየጠየቀች ነው።